ክፍት ፕሮግራም፣ የጥንት ጨዋታና የመሐንዲስ አእምሮ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ለዚህ ጉባኤ ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ የሰጠኝ ርእስ ክፍት ፕሮግራሞች ለአገራችን ስለሚሰጡት ጥቅም የሚል ነበር። ስለ ጥቅማቸው መናገር አይከብድም። ይሁን እንጂ ለመጻፍ በተቀመጥሁ ቁጥር ነገሩ ከሁለት ሌሎች ነገሮች ተነጥሎ አልወጣልህ አለኝ፤ አንደኛው ጨዋታ ነው፣ ሁለተኛው ሕመም ነው። ስለዚህ ኮሚቴውን አስፈቅጄ ርእሱን ለውጫለሁ። ንግግሩን ከሰሙ በኋላ በፈቃዳቸው የሚጸጸቱ ቢሆን ጥፋቱ የኔ እንጂ የእነርሱ አይደለም።

ተወልጄ ያደግሁት በአዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ ነው። አባቴ ከምናለሽ ተራ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ቤት ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። ምናለሽ ተራን የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ይኖራል ብዬ አልገምትም። የመኪናው ጎማ በረባሶ፣ የዘይቱ ቆርቆሮ ኩራዝ፣ በርሜሉ ምድጃ ሆኖ የሚወጣበት፣ የተጣለ ዕቃ ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት ስፍራ ነው። አባቴ አንድ ደንበኛ ሬዲዮ ይዞ ሲመጣ ምን እንደ ሆነበት ከመጠየቁ በፊት ካቻቪቴውን አንሥቶ ጀርባውን ይከፍተው ነበር። ኋላ ብሎን የሌላቸው፣ በሙጫ ተጣብቀው የሚመጡ ዕቃዎች ገበያውን በሞሉት ጊዜ እጅግ ተናደደ። «ይህማ የተሸጠ ዕቃ አይደለም፤ የተከራየ ነው» ይል ነበር።

በ2002 ዓ.ም. በአምስት ኪሎ የምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ ከውጭ አገር አንድ ትንሽ ፖስታ መጣልኝ። የራሴ ፖስታ ሣጥን ስላልነበረኝ የተጠቀምሁት የአባቴ ወዳጅ በሆኑ አንድ ነጋዴ ሣጥን ነው። በውስጡ የነበረው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ሲዲ ነበር፤ አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ የፖስታውን ዋጋ ጭምር ችለው ይልኩ ነበር። በጊዜው የኢንተርኔቱ መስመር እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ለማውረድ ሌሊቱን ሙሉ አይበቃውም ነበርና ሲዲው ለኔ ትልቅ ሀብት ነበር። ለአባቴ ባሳየሁት ጊዜ ስለ ዋጋው አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ «ጀርባው ይከፈታል?» ብሎ ነው።

ከዚያ በኋላ የክፍት ፕሮግራምን ትርጕም ከዚህ ባጠረ ቃል የገለጸልኝ መምህር አላገኘሁም። ብዙ ሰው ክፍት ማለት ያለ ዋጋ የሚታደል ማለት ይመስለዋል፤ ስሕተት ነው። ማንኛውም ፕሮግራም በመጀመሪያ ሰው ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ይጻፋል። ጽሑፉ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ከተለወጠ በኋላ ግን ምንጩን ከያዘው ሰው በቀር ሊያርመው የሚችል አይኖርም። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ሲያስታውቅ ዓላማው ምንጩ ከፕሮግራሙ ጋር እንዲሰጥና ተጠቃሚው እንዲያነበው፣ እንዲለውጠው፣ ለሌላም እንዲያካፍለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሊኑክስን ዋና አካል ጽፎ ለዓለም አቀረበ። የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ በኪሳችን ካለው ስልክ ጀምሮ እስከ ትልልቆቹ የመረጃ ማእከሎች ድረስ የሚበዛው ሥራ በዚሁ ላይ ቆሟል።

ስለ ፊደላችንም አንድ ቃል ልናገር። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ የፊደል ቍጥር ስለ ነበረው በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የጭረት ክምር ይሆን ነበር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ እንደ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያሉ ሰዎች ብዙ ደክመዋል። የእነርሱ ድካም ባይኖር ኖሮ ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ትንሽ ፕሮግራም ባልተጻፈ ነበር።

ወደ ጨዋታው ልለፍ።

በሰፈራችን ጥግ ለጥግ የቆርኪ ዳማ ይጫወቱ ነበር፤ ዛሬም ይጫወታሉ። ሰሌዳው የካርቶን ቁራጭ ነው፤ አንዱ ተጫዋች ቆርኪዎቹን በደረታቸው፣ ሌላው በጀርባቸው ይደረድራል። ገበጣውም ቢሆን መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ለቃቅሞ ለመጀመር ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። የገበጣ ደንብ ከአገር አገር ይለያያል፤ የጎንደሩ ከሸዋው ጋር አይስማማም፤ ማንም ደግሞ ባለቤቱ እኔ ነኝ ብሎ አያውቅም። በኋላ ስለ ክፍት ፕሮግራም ሳነብ አዲስ ነገር ሆኖ ያልታየኝ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በልጅነቴ ደግሞ ከመርካቶ ሱቆች በርካሽ የሚሸጥ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ጡብ መሳይ ቅርጾች ከላይ የሚወርዱበት መጫወቻ ነበረኝ። ያ ጨዋታ ቴትሪስ እንደሚባል፣ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ የሶቪየት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ እንደ ፈጠረው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የጥንቶቹን የኮምፒዩተር ጨዋታዎች እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዱም የተባለው ጨዋታ ምንጩ በ1997 ለሕዝብ ስለ ተለቀቀ ዛሬ በማንኛውም ማሽን ላይ ይሠራል፤ ምንጩ የተዘጋባቸው የዘመኑ እኩዮቹ ግን ብዙዎቹ ከነማሽናቸው ተረስተዋል።

አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል ደርሻለሁ። በ2011 ዓ.ም. ታመምሁ። በመጀመሪያ ሕመም መሆኑን አላወቅሁም፤ ድካም ነው አልሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ስልክ ሲጠራ እጄ አይሄድም። ምግብ ሁሉ አንድ ዐይነት ጣዕም ሆነ። በመሥሪያ ቤት የሚሰጠኝን ሥራ እሠራ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ሰዓት የሚያልቀው አንድ ቀን ይፈጅብኝ ጀመር፤ ያንንም ለመሸፈን እያመሸሁ እገባ ነበር። ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል። በሰፈሬ ቋንቋ ስም የለውም፤ ካለውም ስንፍና ነው የሚባለው።

በነዚያ ሌሊቶች የማደርገው ነገር ቢኖር ቴትሪስን መጫወት ነበር። ቅርጾቹ ይወርዳሉ፤ እደረድራቸዋለሁ፤ ይጠፋሉ፤ ሌሎች ይወርዳሉ። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የመኪና አደጋ የደረሰባቸውን 71 ሰዎች ተከታትሎ፣ በአደጋው ዕለት በሆስፒታል ሳሉ አደጋውን አስታውሰው ቴትሪስ የተጫወቱት በሚቀጥለው ሳምንት የአደጋው ትዝታ ሳይጠሩት የመጣባቸው ከሌሎቹ ባነሰ ቍጥር መሆኑን አሳይቷል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ራሴን እያከምሁ መሆኔ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጥናቱ ግን የሚናገረው ስለ ድንገተኛ አደጋ ትዝታ ነው፤ ስለ ድባቴ አይደለም። ደግሞም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከልክ ያለፈ የጨዋታ ልማድን ራሱን በሕመምነት አስገብቶታል። እኔም መዝገቡን አውቅ ነበር፤ ሌሊቱን የማስታውሰው ግን ጥናቱን ብቻ ነበር።

በዚያው ጊዜ የሆነውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከጽሑፌ ሁሉ ይልቅ ላነሣው የምፈልገው ይህን ነው። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጁ፣ የፈረንጁን ወደ ኢትዮጵያው የሚለውጥ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ምንጩን ክፍት አድርጌ አኑሬው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። በውስጡ ግን አንድ የድንቁርና ስሕተት ነበረ። እንደምታውቁት ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ይኸውም ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ነው። እኔ ፈረንጆቹ እንደሚያደርጉት ያለ ትርፍ ሲካፈል ብዬ ጽፌው ኖሯል። የቆሎ ተማሪ የማይስተውን እኔ ባለ ዲግሪው ሳትሁት። ስሕተቱ ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ድረስ ተኝቶ ቆየና በዚያች ዕለት ፕሮግራሙ አዲሱን ዓመት በአንድ ቀን ቀድሞ አበሠረ። ከዚያ ወዲያ የ2012ን ቀኖች በሙሉ አንድ አንድ ቀን ጨምሮ ይናገር ጀመር።

በመስከረም ወር ከአንድ የክፍለ ሀገር ክሊኒክ መልእክት ደረሰኝ። ፕሮግራሜን በቀጠሮ መዝገባቸው ውስጥ አስገብተውት ኖሮ ታካሚዎቻቸው በአንድ ቀን እየዘገዩ ይመጡባቸው ጀመር። መልእክቱ ትሕትና የተሞላበት ነበር። አነበብሁት፤ ስሕተቱም ወዲያው ታየኝ፤ ማረሚያው ከአራት መስመር አይበልጥም ነበር። አላረምሁትም። ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ተኛሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። መልእክቱን ባየሁት ቍጥር መልስ ያለመስጠቴ ኀፍረት ስለሚጨምር፣ ኀፍረቱ ደግሞ መልስ መስጠቱን ይበልጥ ስለሚያከብድብኝ፣ ጥቅምት አለፈ፤ ኅዳር ገባ። በኅዳር አንድ የማላውቀው ሰው ማረሚያውን ራሱ ጽፎ ላከልኝ። ከኔ የሚፈለገው አንዲት ቁልፍ ተጭኖ መቀበል ብቻ ነበር። ያችን ቁልፍ የተጫንሁት በመጋቢት ነው።

ክሊኒኩ ግን እኔን አልጠበቀም። ምንጩ በእጃቸው ስለ ነበረ በሁለተኛው ሳምንት የራሳቸውን ቅጂ አርመው ሥራቸውን ቀጥለዋል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ባወቅሁ ጊዜም አለቀስሁ። ፕሮግራሙ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ የነዚያ ታካሚዎች ቀጠሮ የኔን መኝታ ይጠብቅ ነበር።

እኔ ግን የተዘጋሁ እንደ ሆንሁ ቀረሁ። ጀርባዬን ከፍቶ ያየኝ መሐንዲስ አይደለም። በጥጋችን ዳማ የሚጫወቱ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ ጡረተኛ አሉ። እሑድ እሑድ አብሬአቸው እጫወት ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሽንፈት አልወድም፤ ስሸነፍም እጮኻለሁ። በ2013 ዓ.ም. አንድ እሑድ ሦስት ጊዜ አከታትለው አሸነፉኝና ቆርኪዎቹን ሳይሰበስቡ ትክ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ አንተ ስትሸነፍ መናደድ ከተውህ ዓመት አለፈህ» አሉኝ። እኔም «ምን ልናደድ ጋሼ፣ ጨዋታ አይደል?» አልሁ። እርሳቸውም «እኔ ስለ ጨዋታው መች ጠየቅሁህ» አሉና በእጃቸው ወደ አማኑኤል በኩል አመለከቱኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከቤታችን የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ሆስፒታሉ የተቋቋመው በ1930 ዓ.ም.፣ በወረራው ዘመን፣ ገበያው ራሱ ከአራዳ ወደ አሁኑ ስፍራው በተዛወረበት ዘመን ነው፤ ገበያውና ሆስፒታሉ እኩያ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በመላ አገሪቱ ከእርሱ በቀር ሌላ የአእምሮ ሆስፒታል አልነበረም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በቡታጅራና በአካባቢው 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት የመረመረው ሰፊ ጥናት እንዳሳየው በጽኑ የአእምሮ ሕመም ይሠቃዩ ከነበሩት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ደርሷቸው አያውቅም።

እነዚያ ሰዎች ሕክምናው ሩቅ ስለ ሆነባቸው አልሄዱም። እኔስ? እኛ የሰፈሩ ልጆች «አማኑኤል ያመለጠ» የሚለውን ስድብ ከሌሎች የከተማው ልጆች ቀድመን ነው የተማርነው፤ ኳስ ሲሳት፣ ብይ ሲጠፋ የምንሰዳደብበት እርሱ ነበር። የአሥር ደቂቃውን መንገድ ለመሄድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ያን ዕለትም ቢሆን በቀጥታ አልሄድሁም፤ ቆብ ደፍቼ፣ በአውቶብስ ተራ በኩል ዞሬ፣ ከሌላ ሰፈር የመጣሁ መስዬ ገባሁ። በተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ የሸማ ተራ ነጋዴ የሆነ የማውቀው ሰው ተቀምጦ ነበር። እርሱ ግድግዳውን፣ እኔ ጫማዬን እያየን አንድ ሰዓት ያህል ሳንተያይ ቆየን። ዛሬ ወዳጆች ነን፤ ቡና ስንጠጣ ያን ግድግዳ እያነሣን እንሥቃለን።

ሐኪሙ ሌሊት ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። ስለ ጨዋታው ነገርሁት። «ሲጫወቱ ደስ ይልዎታል?» አለኝ። ቆም ብዬ አሰብሁና ደስ ብሎኝ እንደማያውቅ፣ የምጫወተው ሳቆም የሚመጣውን ነገር ለማዘግየት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ለራሴም ገባኝ። መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ እየተመላለስሁ መነጋገርም ጀመርሁ። እናቴ ጠበል ካልሄድህ ብላ አጥብቃ ስለ ለመነችኝ ከእርሷ ጋር ሄጃለሁ፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን እንዳላቋርጥ ብቻ አሳስቦኝ አልተቃወመም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልተሰማኝም። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ጠዋት የበርበሬ ሽታ ሸተተኝና ደነገጥሁ፤ ሰፈሬ ሽታ እንዳለው ረስቼው ነበር።

ሲሻለኝ ወደ ጨዋታ የተመለስሁት በሌላ በር ነው። የአገራችን ሰንጠረዥ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት ሲዘወተር የኖረ ጨዋታ ነው፤ ዛሬ በመርካቶ የሚያውቀውን ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ደግነቱ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ደንቡን ሰብስበው ጽፈውታል። ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው ወረራ በሚባለው መጀመሪያው ነው፤ የመጀመሪያው ወታደር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ የፈለጉትን ያህል ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ብቻ ተራ ይጀመራል። ይህን በክፍት ፕሮግራም ልጽፈው ስነሣ ያሉት የቼዝ ፕሮግራሞች አንዳቸውም አልጠቀሙኝም፤ የሁሉም ስሌት አንዱ ሲጫወት ሌላው ይጠብቃል በሚለው ላይ የተመሠረተ ነው። በሁለት ኮምፒዩተር ሲጫወቱት ደግሞ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ቢበሉ ማን ቀደመ የሚለውን የሚፈርድ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል፤ የእያንዳንዱ ማሽን ሰዓት ለባለቤቱ ያደላልና። ለዚህ ጥያቄ ሦስት ወር ሠራሁ። ሌሊት አይደለም፤ ከእራት በፊት። የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያው ተጋጣሚዬ ሆነ፤ በወረራው አሸነፈኝ፤ እኔም ተናደድሁ።

ንግግሬን እዚህ ላይ ባቆመው ለኮሚቴው የሚስማማ ይሆን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የሆነውን ሳላነሣ ብቀር እንደ መሐንዲስ ታማኝነት አይሆንም። ኤክስዜድ የሚባል፣ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ ክፍት ፕሮግራም አለ፤ ሊኑክስ ባለበት ሁሉ እርሱም አለ። ለብዙ ዓመታት የጠበቀው አንድ ፊንላንዳዊ ባለ አደራ ነው፤ ያለ ደመወዝ። ስሙ በይፋ የታወቀ ቢሆንም እኔ አልጠራውም። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራው ለምን እንደ ዘገየ ሲጠየቅ ለረዥም ጊዜ የቆየ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት በግልጽ ጽፏል። የሚጨቀጭቁት ግን አላቆሙም፤ ሥራውን ለሌላ አስረክብ ይሉት ነበር። በዚያው ጊዜ ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ አንድ ትጉህ ረዳት እያረመ፣ እያገዘ፣ አመኔታ እያገኘ ቆየና የባለ አደራነቱን ሥልጣን ተካፈለ። በ2024 መጀመሪያ በፕሮግራሙ ውስጥ ሥውር በር አኖረበት። የተደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ታዝቦ፣ ምክንያቱን ሳያውቅ አላርፍም በማለቱ ነው።

ይህን ዜና ያነበብሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በዚህ ጊዜ በሕመም አይደለም። በኅዳር 2012 አራት መስመር የላከልኝን ሰው እኔም አላውቀውም ነበር። ቁልፉን ስጫን ያነበብሁት በግማሽ ልብ ነው። እግዚአብሔር ይስጠውና ቅን ሰው ሆኖ ተገኘ።

ስለ ጥበቃ ስንነጋገር የመጠባበቂያ ጄኔሬተር አለ ወይ፣ የመረጃው ቅጂ በሌላ ስፍራ ተቀምጧል ወይ ብለን እንጠይቃለን፤ በቅጾቻችን ላይም ለዚህ ቦታ አለው። ይህን ሥርዓት የሚያውቀው ስንት ሰው ነው፣ ያ ሰውስ ሌሊት ይተኛል ወይ የሚል ጥያቄ ግን በአንድም ቅጽ ላይ አላየሁም። የኤክስዜድ ምንጭ ለዓለም ዐይን ሁሉ ክፍት ነበር። ባለ አደራው ታምሜአለሁ ብሎ በአደባባይ ሲጽፍም የተነበበለት እንደ ማዘግያ ሰበብ ነው።

ክፍት ፕሮግራም መድኃኒት ነው አልልም፤ ጨዋታም እንዲሁ። አንደኛው ስሕተቴን ከኔ ውጭ እንዲታረም አደረገልኝ፤ ሌላኛው ሽማግሌው የሚያዩኝ መስኮት ሆነ። ያከመኝ ሕክምናው ነው፤ አሁንም በየሦስት ወሩ እሄዳለሁ፤ ቆቡን ትቼዋለሁ፣ መንገዱንም አልዞርም።

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በመሥሪያ ቤቴ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከፊት ረድፍ ሁለት አለቆቼ ተቀምጠው አያለሁ። ንግግሩን ቀደም ብዬ ላስነብባቸው አስቤ ነበር፤ ሦስት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጄ ተመለስሁ።

የቀን መለወጫው ፕሮግራም ዛሬ ሦስት ባለ አደራዎች አሉት፤ አንዱ የክሊኒኩ ሰው ነው። በወር አንድ ጊዜ በስልክ እንገናኛለን፤ በቅድሚያ የምንጠያየቀው ስለ ፕሮግራሙ አይደለም። በ2015 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ያለ ስሕተት አልፋለች። የሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ 2019 ነው፤ ከእናንተ መካከል ምንጩን አንብቦ የሚፈትሽልን ቢገኝ ደስ ይለናል።